ሚዛኑ ያልለየው ውኃ

ባለፈው ክረምት የመለኪያ ዕቃዎቼን ለንብረት ክፍል አስረከብኩ፤ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ አንድ የቁመት ሰሌዳ፣ ሁለት የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ አንድ መቆንጠጫ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መቆንጠጫውን አገላብጦ አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የስብ መለኪያ ነው። ቆዳን ቆንጥጦ ከሥሩ ያለውን ስብ ውፍረት ይለካል።»

ቦርጩን በሁለት እጁ አቅፎ ሳቀ። «እንኳን በእኔ ላይ አልሞከርሽው፤ ይሰበርብሽ ነበር!»

ፈርሜ ወጣሁ። ከመስከረም ጀምሮ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስድስት ዓመት ሕፃናትን መለካት ለጡረታ አይበቃም፤ ሠላሳ ዓመትም ገና አልሞላኝም። ሆኖም ቦታዬን የተረከበችው ልጅ «መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ መመሪያው ላይ የሌለውን ጻፊልኝ» ስላለችኝ ይህን ጻፍኩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ላብ ያጠምቀኛል። በልኬት ግን አልታማም። እኔ የመዘንኩትን ልጅ ሌላ ሰው መልሶ ቢመዝነው ያንኑ ያገኛል። ይህን በድፍረት የምጽፈው፣ አንድ ጊዜ አንዲት የቁጥር ስህተት ሳልሠራ ክፉኛ ስለተሳሳትኩ ነው።

አዲስ አበባ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ጅማ ተመደብኩ። ደብዳቤው ላይ ደሞዙ ከነተቀናሹ ተጽፏል፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ቦሳ አዲስ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ በማግሥቱ ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ ታደለ ይባላል። ያን ጊዜ ሁላችንም ጓድ ስለነበርን፣ ጓድ ታደለ ነበር የምንለው። ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት መቆንጠጫውን ከሳጥኑ አውጥቶ አሳየኝ። በእርዳታ ከውጭ የመጣ፣ ሁለት መንጋጋና የሰዓት ፊት የመሰለ ክብ ያለው፣ መርፌው በጥቂቱ ነካ ሲያደርጉት የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነው።

«ይሄ ከሚሊሜትር በታች ይናገራል» አለኝ። «ከእንግዲህ የእናቶችን ወሬ መስማት ቀረ።»

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ልጁ ይመዘናል፤ ቁመቱና የክንዱ ዙሪያ ይለካል፤ ከክንዱ በስተጀርባ ቆዳው ተቆንጥጦ ስቡ ይለካል። ከእነዚህ ቁጥሮች ልጁ ምን ያህል ሥጋ፣ ምን ያህል ስብ እንዳለው እንገምታለን። ከተሰመረው መስመር በታች የሆነ ልጅ የራሽን ካርድ ይሰጠዋል፤ ከመስመሩ በላይ የወጣ ካርዱን ይመልሳል። ካርዱ ማለት በየወሩ አልሚ ዱቄት፣ ዘይትና የወተት ዱቄት ማለት ነው። ስለዚህ መርፌዋ በአንዲት ጭረት ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ከአንድ ቤት ምግብ ትወስዳለች ወይም ታመጣለች።

ሥራውን በእጄ ያስያዙኝ ጋሽ ነጂብ ናቸው። የጅማ ተወላጅ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በድሬሰርነት አገልግለዋል። በሄርማታ መርካቶ ገበያ ስንሄድ ጎረምሳው ሁሉ ዳሌውን እያሻሸ ሰላም ይላቸዋል፤ በመርፌ ያልወጉት ልጅ የለማ። መጀመሪያ የወጣነው ወደ አሰንዳቦ ነበር። ሚዛኑን ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉና፣ ልጅ ከመግባቱ በፊት ከከረጢታቸው አንድ የአምስት ኪሎ ብረት አውጥተው አንጠለጠሉበት። ብረቱን ከአንድ የቡና መጋዘን ለምነው ያመጡት ነው። መርፌው ከአምስት ኪሎ በመቶ ግራም አለፍ ብሎ ቆመ።

«አንድ መቶ ግራም ናት እኮ፤ ከሁሉም እንቀንሳለን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ መቶ የዋሸ ከሰዓት ስንት እንደሚዋሽ በምን ታውቂያለሽ?» ብለው ብሎኑን እያላሉና እያጠበቁ አስተካከሉት። ሰባ ያህል እናቶች ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ነጂብ አልቸኮሉም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መቆንጠጫው ሲቀዘቅዝ ልጅ ስለሚያስደነግጥ፣ መንጋጋውን ብብታቸው ሥር ያሞቁታል። ቆዳውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ከሥጋው ለይተው ይይዛሉ፤ እጀታውን ይለቃሉ፤ በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ» ብለው ሁለት ይቆጥሩና ያነባሉ። ከዚያ በፊት ያነበበ ይበዛበታል፤ የዘገየም ያንስበታል። ቁጥሩን ከማንበባቸው በፊት «ማሻአላህ» ይላሉ። ያለዚያ እናቲቱ ልጄን በዓይኑ በላው ብላ በሚቀጥለው ወር አትመጣም። በየሦስት ወሩ ደግሞ እኔና እሳቸው ወረቀታችንን ተደባብቀን አሥር ልጆች ለየብቻ እንለካና እናስተያያለን። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ልዩነታችን ከሚሊሜትር እኩሌታ አይበልጥም ነበር።

ትልቁ ጠላታችን ቅቤ ነው። እናቶች የልኬት ቀን ልጃቸው አምሮ እንዲታይ ከራሱ እስከ እግሩ ቅቤ ይቀቡታል። መቆንጠጫው ከቆዳው ላይ እንደ ዓሣ ያመልጣል፤ መርፌውም ይወርዳል። ስለዚህ ክንዱን በጨርቅ ጠርገን እንጀምራለን። እናቶቹ «ምነው ቅቤያችንን ጠላችሁት?» እያሉ ይስቁብናል።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ፣ ጋሽ ነጂብ የልጁን ሁለት እግሮች ይይዙና አውራ ጣታቸውን ከላይ አሳርፈው ይጫናሉ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብለው ያነሳሉ። ወፍራም ልጅ ቢሆን፣ እየሮጠ የመጣ ልጅ ቢሆን፣ አንዱንም አያልፉም።

ምን እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። በምግብ እጦት ሰውነቱ ውኃ የቋጠረ ልጅ እግሩን ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። ይህን ዩኒቨርሲቲም ተምሬዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ በዓይን ያስታውቃል፣ ሁሉንም መጫን የድሮ ሰው ልማድ ነው ብዬ አስብ ነበር።

«ጋሽ ነጂብ፣ ይሄ እኮ ፎርሙ ላይ የለም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፎርሙ እግር የለውማ፤ ምን ያድርግ» አሉኝና በማስመሪያ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ዓምድ አሰመሩ።

አሁን ወደ ይቡ ልምጣ። ይቡ ከጅማ ወደ አጋሮ ሲሄዱ በቡና ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ዓመት ቡናውን በሽታ መትቶት ነበር። «ቡና ይሸጣል እንጂ አይበላም» ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ የሚሸጥ ሲጠፋ የሚበላውም ይጠፋል። ልጆቹ ጎደሬና የበቆሎ ገንፎ ይመገባሉ፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። በይቡ ብዙ ካርድ ሰጥተን ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ ጓድ ታደለ ጠራኝና «የአውራጃው ኮሚቴ ስብሰባ ደርሷል። ይቡን ለክተሽ ነይ፤ ልጆቹ ከተሻሻሉ ራሽኑን እንዘጋለን» አለኝ። ጊዜው የዓረፋ ዋዜማ ነው፤ ጋሽ ነጂብ ለበዓል ፈቃድ ወስደዋል። እኔና ሾፌሩ ብቻ ሄድን። ሾፌሩ ይጽፋል፣ እኔ እለካለሁ።

ይቡ ስንደርስ ሴት ልጆቹ በሙሉ እግራቸው ተጠቅልሏል። እንሶስላ እየሞቁ ነው። ሥሩ ተወቅጦ እግር ላይ ተለስኖ፣ በጉሎ ቅጠልና በጨርቅ ታስሮ ይውላል፤ ሲፈታ እግሩ ቀይ ሆኖ ለበዓል ያምራል። ትንንሾቹ ወንዶችም በእህቶቻቸው ቀንተው አልቅሰው ታስረዋል። ሐሊማ የምትባል እናት ሁለት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጇን ዘይነብን አቅፋ ቀረበች። ሌላ አራስ ሕፃን በጀርባዋ ነበር።

«እግሯን ልፍታው?» አልኳት።

«ወላሂ አይሆንም! አሁን እኮ ነው ያሰርኩላት። ከፈታሽው ይገረጣል፤ በዓረፋ ከእህቶቿ ሁሉ እሷ ብቻ እግሯ ነጥቶ ትዋል?»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። «አዲስ አበቤዋ እንሶስላ አታውቅም እንዴ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «እሷንም እሰሯት፤ ባል ታገኛለች» አለች። ሳቁ እስከ ዛፉ ጫፍ ወጣ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ሁለተኛ ልለምን አልደፈርኩም።

ይልቅስ ሌላ ብልሃት አገኘሁ። ከአንዲት ሴት ያንኑ የሚያህል እንሶስላ፣ ቅጠልና ጨርቅ ተቀብዬ መዘንኩት፤ ሦስት መቶ ግራም ሆነ። ከእያንዳንዱ ልጅ ክብደት ላይ ሦስት መቶ ቀነስኩ። ለቁመቱ ተረከዛቸውን ብቻ ገለጥ አደረግሁ። በብልሃቴ ኮራሁ። ጋሽ ነጂብ ቢኖሩ ይደሰቱብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ዘይነብ ሚዛኑ ላይ ስትንጠለጠል አላለቀሰችም። ሌሎቹ ልጆች ከሚዛኑ በሚንጠለጠለው የጨርቅ ቁምጣ ውስጥ ሲገቡ አገር ይያዝልን ይላሉ፤ እሷ ክብ ፊቷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ዝም አለች። ዝምተኛ ስለሆንኩ ዝምታዋን ወደድኩት። ጨርቁ ተቀንሶ አሥር ኪሎ ከስድስት መቶ መዘነች። የክንዷ ዙሪያ ከመስመሩ በላይ ነው። መቆንጠጫውን ያዝኩ፤ ሁለት ቆጠርኩ፤ አነበብኩ፤ ደህና ነው። ካነበብኩ በኋላ ግን መርፌው መውረዱን አላቆመም። ቅቤው ነው ብዬ ጠረግኋትና ደገምኩት። አሁንም ደህና፤ አሁንም ከዚያ በኋላ ይወርዳል። ሾፌሩን «መርፌው ይንሸራተታል፣ ቅቤ» ብለህ ጻፍ አልኩት።

«ካርዱን መልሺ» አልኳት ሐሊማን።

«ፋፍታለች ማለት ነው?»

«ከመስመሩ በላይ ናት።»

«መስመሩን እንጃ። ግን ምግብ እምቢ ብላለች እኮ፣ እህቴ። መጫወትም ትታለች።»

«ቁጥሩ ደህና ነው» አልኳት። ካርዱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። በዚያን ቀን ከይቡ እናቶች ብዙ ካርድ ሰበሰብኩ፤ ሪፖርቱንም በማግሥቱ አስገባሁ።

ጋሽ ነጂብ ከበዓል ሲመለሱ መዝገቡን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። እንሶስላውን በመመዘኔ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጠርዙ፣ ራሳቸው ወዳሰመሩት ዓምድ ሄደች። ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

«እግሩስ?»

«ታስሮ ነበር፤ ነገርኩዎ እኮ።»

ገጹን መለስ አድርገው ሾፌሩ የጻፈውን ማስታወሻ አገኙ። «ጠርገሻት ደገምሽው?»

«አዎ።»

«ደግሞም ወረደ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ስብ ሲቆነጥጡት ይቆማል። የሚሸሸው ውኃ ነው።»

በዚያው ሰዓት የአጋሮ አውቶቡስ ይዘን ይቡ ገባን። ሐሊማ በር ላይ ተቀምጣ ዘይነብን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። እንሶስላው ተፈትቷል፤ እግሮቿ እንደ በሰለ ቡና ቀልተዋል። ተንበርክኬ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ሳነሳው ጣቴ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ጠበቅሁት፤ አልሞላም።

ሚዛኑ ትክክል ነበር፤ ጥብጣቡም መቆንጠጫውም ትክክል ነበሩ። ሦስቱም እንደ ምስክር ተስማምተው የመዘኑት ውኃውን ነው። ሚዛን ሥጋውን፣ አጥንቱንና ውኃውን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ይናገራል እንጂ ለይቶ አያውቅም።

«አትበላም ብዬሽ ነበር» አለች ሐሊማ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

ዘይነብን ጅማ ሆስፒታል አስገባናት። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፤ በየቀኑ ክብደቷ ይቀንሳል። ሐሊማ «ልጄ እያለቀች ነው!» ብላ ትይዘኛለች። ነርሷ «ውኃው እየወጣ ነው፤ መቅለሏ መዳኗ ነው» ትላታለች። እኔም አምን ነበር፤ ግን በየቀኑ እፈራ ነበር። በአሥረኛው ቀን ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ ላይ ቆመች። ክብ ፊቷ ጠፍቶ ጉንጯ ገብቷል፤ ክንዷ እንደ ሸንኮራ ጫፍ ቀጥኗል። እውነተኛዋን ዘይነብን ያኔ ነው ያየኋት። ማንኪያም መቀበል ጀመረች።

የኮሚቴው ስብሰባ በማግሥቱ ነው። የይቡ ራሽን እንዲዘጋ የቀረበው ሐሳብ በእኔ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ያልተጫንኳቸው እግሮች ደግሞ ብዙ ናቸው። ጓድ ታደለ ዘንድ ገባሁ።

«ሪፖርቱን መልሱልኝ» አልኩት።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም።»

«ጥብጣቡ?»

«ደህና ነበር።»

«መቆንጠጫው?»

«እሱም ደህና ነበር።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትይኝ? ሦስት ዕቃ ደህና ነው ያለውን አንድ ሽማግሌ በአውራ ጣታቸው ሊሽሩት ነው?» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በስብሰባው አዳራሽ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጋሽ ነጂብ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ የአጋሮ ሰው ነው፤ የቡና ገበሬ ልጅ እንደሆነ ይነገራል። ጓድ ታደለ የይቡን ቁጥሮች አነበበ፤ ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ «ተቃውሞ ከሌለ…» ሲል ጋሽ ነጂብን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው ይናገሩልኛል ብዬ ነበር፤ ለካ የእኔን መነሳት ይጠብቃሉ። ተነሳሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አባትዎ ቡና ይገዙ ነበር?»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ ግር ብሎት «ከሚያመርተው ሌላ ይገዛም ነበር። ለምን ጠየቅሽ?» አለ።

«ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል ሲገዙ በሚዛን ብቻ ይገዙ ነበር?»

«አባቴ?» ሳቀ። «አባቴ ፍሬውን በጥርሱ ሳይነክስ አንድ ኪሎ አይገዛም! ዝናብ ያገኘው ኬሻ ስንቱን ነጋዴ አክስሯል!»

«እኔ ይቡ ላይ ሳልነክስ ነው የገዛሁት» አልኩ።

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ የዘይነብን ሁለት ቁጥሮች ነገርኳቸው። አሥር ከስድስት መቶ፤ ስምንት ከሦስት መቶ። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ውኃ ነው፤ በዚያ ውኃ ምክንያት ካርዷን ነጥቄያታለሁ። እንደ እሷ ያሉ ሌሎች ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እግራቸውን አላየሁማ።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። አሁን አይስቅም። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም።

«የእኔ ነው። ዕቃዎቹ አላጠፉም።»

ሊቀመንበሩ ራሽኑ እስኪጣራ እንዲቀጥልና ይቡ እንደገና እንዲለካ ወሰነ። እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ እስካሁን በፋይሌ ውስጥ አለ። ስንወጣ ጋሽ ነጂብ «ያን የጀንፈል ነገር ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ማንም አልነገረኝም። በየመጋዘኑ በር ላይ ነጋዴዎቹ ፍሬ ሲነክሱ ሳይ የኖርኩት ነው።

ይቡን በሁለት ቀን ጨረስን። በዓሉ አልፏል፤ እግሮቹ ሁሉ ተፈትተዋል። ሰባት ልጆች እግራቸው ጎደጎደ፤ አምስቱን ካርድ የነጠቅኋቸው እኔ ነበርኩ። የዘይነብን ጨምሮ ካርዱን በየቤታቸው ዞሬ በእጄ መለስኩ፤ በየደጁም «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ ድምፄ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ወር ጀምሮ ጓድ ታደለ ፎርሙ ላይ የእግር ዓምድ በታይፕ አስመታ። «ፎርሙ እግር አወጣ» አሉ ጋሽ ነጂብ። ከዚያ በኋላ በአጋሮም በሊሙም፣ ሳልጫን ያለፍኩት እግር የለም። እናት «አትበላም» ካለችኝ ደግሞ ቁጥሩን ትቼ ልጁን እንደገና አያለሁ።

በቡና ለቀማ ወር ይቡ ስንመለስ ሐሊማ ከሰልፉ ፊት ነበረች። ዘይነብን ቁምጣው ውስጥ ላስገባት ስል ፀጉሬን ይዛ ጮኸች፤ በእግሯም ደረቴን መታችኝ። ሚዛኑ እስኪረጋ ብዙ ጠበቅን። አሥር ኪሎ ከስድስት መቶ። መቆንጠጫውን አሳረፍኩ፤ ሁለት ቆጠርኩ፤ ከዚያም አሥር እስክቆጥር ጠበቅሁ። መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ማሻአላህ በይና ስንት እንደሆነች ንገሪኝ» አለች ሐሊማ።

«ማሻአላህ። አሥር ከስድስት መቶ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ያን ቀን ያልሽኝ እኮ ነው! ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምን ስንሠራ ከረምን?»

«ያን ቀን ውኃ ጨምሬ መዝኜ ነው። ዛሬ ዘይነብ ብቻ ናት።»

ሐሊማ ልጇን ከእጄ ተቀበለች። የምትወራጨውን እግር ይዛ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።» ጣቷን አንስታ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ካርዱን ዘረጋችልኝ።

«አሁን ውሰጂው» አለችኝ።